ጥሪ የሌለበት ክፍል

ከአምቦ መናኸሪያ ሳይጣራ የሚወጣ መኪና አላውቅም። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «አዲሳባ! አዲሳባ! የሞላ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል፤ ገብተው ሲያዩት ግን ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ጉደር የሚሄደውም፣ ጊንጪ የሚሄደውም፣ ዳገቱን ወደ ጎጆ ከተማ የሚወጣውም እንዲሁ ነው። ሻይ የሚጠጣውን መንገደኛ ብርጭቆውን ሳይጨርስ ያስነሱታል። ሽንት ቤት የገባውን በሩ ድረስ ሄደው ይጠሩታል። ስለዚህ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የመንገደኛ ሥራው ቁጭ ብሎ ጆሮውን ማቆም ነው ብዬ ነው የማውቀው። ሲጠሩት ይነሳል፤ ካልጠሩት ገና ነው ማለት ነው።

ይህን አስቀድሜ የማወራው በኋላ የሠራሁትን ስህተት ሲሰማ ማንም እንዳይፈርድብኝ ነው። ቢስቅ ግድ የለም። እኔም ስቄበታለሁ።

ልጄ ድሬዳዋ አስተማሪ ናት፤ ባልም ያገባችው እዚያው ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት የመጀመሪያ እርግዝናዋ በስምንተኛው ወር ላይ ተበላሸ። የዚያን ጊዜ ተደውሎልኝ በአውቶቡስ ስሄድ መንገድ ላይ መኪናው ተበላሽቶ አደርን፤ ስደርስ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። «እማዬ፣ ዘገየሽ» ብቻ አለችኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛዋን ስታረግዝ እኔ እንደ ወትሮዬ ጭንቀታም ሆንኩ። በቀን ሦስት ጊዜ እደውላለሁ። ደረጃ አትውረጂ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ፣ ቡና አታብዢ እላለሁ። አንድ ቀን ሰለቻትና፦

«እማዬ፣ አንቺ እኔን ከምትጠብቂኝ ሁለት ነገር ቃል ግቢልኝ» አለችኝ።

«ምን?»

«አንደኛ፣ አሁን እንዳትዘገዪ። ሁለተኛ፣ ሴት ከሆነች ሦስት ብለሽ እንዳታቆሚ።»

ነገሩ ገባኝ። እኛ ሰፈር ልጅ ሲወለድ እልልታው በቁጥር ነው፤ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት። ጎረቤት ቤቱ ተቀምጦ እየቆጠረ ወንድ ይሁን ሴት ያውቃል። ሦስት ላይ ጸጥ ካለ «ሴት ናት» ይላል፤ አራተኛው ከቀጠለ «ወንድ ነው!» ብሎ ይነሳል።

«ለእኔ ስንት ተባለ?» አለችኝ ልጄ።

«ሦስት ነዋ። ደንቡ ነው።»

«ለእኔ ልጅ ሰባት ትያለሽ። ቃል ግቢ።»

«እስኪ በሰላም ተገላገዪ!»

«ቃል ግቢ አልኩሽ!»

ገባሁ። ምን አደርጋለሁ?

ልደርስ ያሰብኩት ከቀኗ ሦስት ሳምንት ቀድሜ ነበር። እሷ ግን ቀደመችኝ። አንድ ጠዋት፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ አማቼ ደወለ። ይህ ልጅ ሲረጋጋ ነው ይበልጥ የሚያስፈራኝ።

«እማማ፣ አይደንግጡ። ሆስፒታል ገብተናል። ሐኪሞቹ ሁሉም ደህና ነው ብለዋል። ግን እርስዎን ትጠራለች። ለዛሬ ስምንት ሰዓት የአውሮፕላን ትኬት ቆርጬልዎታለሁ። ተራው ቦታ ሞልቶ የተገኘው የፊተኛው ነው።»

ስልኬ የጆሮ ድምፁ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ላውድ ላይ ካላደረግኩት አይሰማኝም። ስለዚህ አማቼ ያለውን ሁሉ ጎረቤቴም በአጥር በኩል ሰማችው። ይቺ ጎረቤቴ የጎጆ ልጅ ናት። ጎጆ ብርድና ነፋስ ነው፤ ሰው የሚያወራው ከአጥር አጥር እየተጣራ ነው። አምቦ ከገባች ሃያ ዓመት ቢያልፋትም ድምፅዋ ገና አልወረደም።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ! የፊተኛው ነው ያለው?» አለች በሩን እየገፋች። «ጥሩ ነው፤ ከሹፌሩ ጎን ከሆነ መንገዱን ታያለሽ!»

«በፈጣሪ፣ ቀልዱን ተይውና ሻንጣውን ያዢልኝ።»

ያዘችልኝ። ከቤቷ ሮጣ ሄዳ ለአጥሚት የሚሆን የጎጆ ገብስ ዱቄት በከረጢት አመጣች። እኔ ቅቤውን በፕላስቲክ ጣሳ አድርጌ ክዳኑን በፌስታል ጠቀለልኩት፤ በላዩ ሌላ ፌስታል፣ በላዩ ፎጣ። ትኬቱን አማቼ በስልክ ልኮት ስለነበር ሰፈራችን ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት በወረቀት አወጣልኝ። ወረቀቱን በመሃረብ ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። በየአሥር ደቂቃው እዳብሰዋለሁ።

«ስትወልድ ደውዪልኝ!» አለች ጎረቤቴ መናኸሪያው በር ላይ። «እኔ ከዚህ እልል ካልኩ ድሬዳዋ ይሰማል!»

«አንቺስ ይሰማልሽ ይሆናል» አልኳት፤ ያን ቀን መጀመሪያ የሳቅኩት ያኔ ነው።

መኪናው አዲስ ዓለም ላይ ቆመ። ሰው ሁሉ ወርዶ ዳቦ ይገዛል፤ እኔ ከወንበሬ አልተነቃነቅኩም። ጥሎኝ ቢሄድስ? ውሃ እንኳ አልጠጣሁም፤ ጠጥቼ መውረድ ቢያምረኝስ? ረዳቱ «ማዘር፣ ውረጂና ተንፈስ በዪ፤ እንጠራሻለን» ቢለኝም እምቢ አልኩ። አሁን ሳስበው ይገርመኛል። የሚጠሩኝ ቦታ ላይ ሰው አላመንኩም፤ የማይጠሩኝ ቦታ ላይ ደግሞ አምኜ ተቀመጥኩ።

አስኮ ወርጄ ታክሲ ይዤ አየር ማረፊያ ስገባ ገና አምስት ሰዓት ነበር። ፍተሻው ላይ አንዱ ወጣት ጣሳውን በማሽኑ ስክሪን አየና፦

«ማዘር፣ ይህ ምንድን ነው?» አለ።

«ቅቤ ነው። ለአራስ።»

«ወለደች?»

«ገና ናት።»

«በሰላም ያድርግላት። ቅቤው ከታች በሚሄደው ሻንጣ ይሁን፤ ዱቄቱን በእጅዎ መያዝ ይችላሉ።»

ትኬት የሚታይበት ሰልፍ ላይ ከፊቴ አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው ነበር። ዕድሜው አርባ ቢሆነው ነው። አንገቱ ላይ ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ አንጠልጥሏል። እሱም ድሬዳዋ ነው፤ ትኬት የምታየው ልጅ ስትነግረው ሰምቼ ልቤ ትንሽ አረፈ። የምከተለው ሰው አገኘሁ ብዬ ነው። ተራዬ ደርሶ ሻንጣዬን ካስረከብኩ በኋላ ልጅቷ ወረቀቴን አየችና «የእርስዎ ላውንጅ አለው» ብላ ወደ ላይ አሳየችኝ። ላውንጅ ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ሰውዬው ወደዚያው ሲሄድ አየሁና የዱቄት ዘምቢሌን ይዤ ተከተልኩት።

በሩን ከፍቼ ስገባ መጀመሪያ የመጣብኝ ነገር ቤተ ክርስቲያን ነው። ምንጣፉ የእግር ድምፅ ይውጣል። ሰው አለ፤ ግን ድምፅ የለም። አንዱ ኮምፒውተሩን ይነካካል፣ አንዷ መጽሔት ታገላብጣለች፣ አንዱ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ አድርጎ ያስቀምጣል። እኔ ደግሞ ሰው ያለበት ቤት ስገባ ሰላም ሳልል መቀመጥ አልችልም። በሩ ላይ ቆሜ ዝቅ ብዬ፦

«ጤና ይስጥልን! እንደምን ዋላችሁ!» አልኩ።

ሃያ ራስ ቀና አለ። ከዚያ ሃያውም ተመልሶ ወረደ። የመለሰልኝ የለም። ያ ባለ ሱፍ ሰውዬ እንኳ አላየኝም። ሙቀት ከአንገቴ እስከ ጆሮዬ ወጣ። እንግዳ መቀበያው ጋ ያለችው ልጅ ብቻ ፈገግ ብላ መጣችና በሹክሹክታ፦

«ማዘር፣ እንደምን ዋሉ። የድሬዳዋ ነዎት አይደል? እዚህ ክፍል ውስጥ የበረራ ጥሪ አይሰማም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ ይከታተሉ። በሩ ሲከፈት እዚያ ላይ ይጻፋል። ስልክ ሲመጣ ደግሞ ድምፁን ዝቅ ያድርጉልኝ፤ ሰው ያርፋል» አለችኝ።

«እሺ የኔ እናት» አልኩ።

እሺ ያልኩት አፍሬ ነው። አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። አማርኛ አነባለሁ፤ ግን እየቆጠርኩ፣ ፊደል በፊደል ነው። ሰሌዳው ደግሞ አይጠብቅም። «ድ… ሬ…» ብዬ ስጀምር ይገለበጥና እንግሊዝኛ ይሆናል። ተመልሶ አማርኛ ሲሆን መስመሮቹ ቦታ ቀይረዋል፤ ድሬዳዋ ሦስተኛ የነበረው ሁለተኛ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ሞከርኩና ተውኩት። «ልጄ፣ አልቻልኩም፤ ሲደርስ ንገሪኝ» ማለት ስንት ቃል ነው? አልወጣልኝም። በልቤ ግን አንድ ነገር ይዤ ነበር፦ ሚኒባስ እንኳ ሳይጣራ አይሄድም፤ አውሮፕላን የሚያህል ነገር፣ የፊተኛውን ወንበር ሰው ጥሎ፣ ዝም ብሎ ይነሳል? አይነሳም። ጥሪ የለም ያለችው ለወጉ ነው፤ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ብቅ ብሎ ይጣራል። እንዲህ አልኩና ባለ ሱፉ ሰውዬ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።

ልጅቷ የምጠጣውን ስትጠይቀኝ የአምቦ ውሃ አልኳት። ከአገሬ አንድ ነገር አጠገቤ እንዲኖር ፈልጌ ነው። እሷ ክዳኑን ስታዞረው ውሃው «ፈሽሽሽ!» አለ። ሃያው ራስ እንደገና ቀና አለ። የአገሬ ውሃም እንደ እኔ ዝም ማለት አልቻለም። ከዘምቢሌ ቆሎ አወጣሁ፤ አንድ ጊዜ ቆረጠምኩና ድምፁ ለራሴ አስደነገጠኝ። የቀረውን አፌ ውስጥ እያላወስኩ አለሰልሰው ጀመር።

ስልኬ ጮኸ። የእኔ ስልክ ጥሪ ከአምቦ ገበያ ጫጫታ በላይ እንዲሰማ ተብሎ የተደረገ ነው። ዘምቢሉን ስገለብጥ፣ ዱቄቱን ሳነሳ፣ ስፈልግ ስፈልግ፣ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ያዝኩት፤ ላውድ ላይ ነው።

«እማማ!» አለ አማቼ በክፍሉ ሁሉ። «ደህና ናት! ማህፀኗ አራት ሳንቲም ተከፍቷል ብለዋል!»

መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ወደድኩ። ባለ ሱፉ ሰውዬ የጆሮ ማዳመጫውን ከአንዱ ጆሮው አነሳ።

«እናቴ፣ ይቅርታ፣» አለ። «በጆሮዎ ማውራት አይችሉም? ሰው ሥራ ላይ ነው።»

«ጆሮው ተበላሽቷል፣ ልጄ።»

«የማን ጆሮ?»

«የስልኩ።»

ከጥግ አንዲት ሴት ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ስልኩን ነጠላዬ ውስጥ ጠቅልዬ አፌን አስገብቼ «እሺ፣ እሺ፣ በርታ» አልኩና ዘጋሁት። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። ቆሎ ዘርግቼ «ይያዙ» አልኩት፤ ሌላ የማስታረቂያ ነገር አልነበረኝም። «አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ» አለና ማዳመጫውን መለሰ።

ከዚያ በኋላ ስልኩ እንዳይጮህ እጄ ውስጥ ይዤ ዐይኔን ሳልነቅል እጠብቅ ጀመር። ሲበራ ወዲያው አነሳዋለሁ። እንዲያም ሆኖ ድምፁ ይወጣል። አማቼ «ስድስት ሆኗል!» ሲል እንግዳ መቀበያው ጋ ያለችው ልጅ ብርጭቆ የምታነሳ መስላ መጣችና ጎንበስ ብላ፦

«ማዘር፣ ስንት ደረሰች?» አለችኝ።

«ስድስት።»

«ጥሩ ነው! የእህቴ ከስድስት በኋላ ፈጥኗል።»

ልቤ ዘለለ። የእኔ ሰው አገኘሁ። ሰሌዳውን ማንበብ እንዳልቻልኩ ልነግራት አፌን ስከፍት በሩ ተከፍቶ ብዙ እንግዳ ገባና ወደዚያ ሄደች። ትንሽ ቆይቶ ተረኛዋ ተቀየረች፤ በእሷ ቦታ የማላውቃት ልጅ ቆመች። ባለ ሱፉ ሰውዬም ኮቱን አውልቆ ፊቱ ላይ ጣለና እንቅልፍ ወሰደው። ማዳመጫው ጆሮው ላይ እንዳለ ነው። እኔም ተረጋጋሁ። እሱ ከተኛ ገና ነው ማለት ነዋ! የተማረ ሰው ነው፤ ሰዓቱን ሳያውቅ አይተኛም።

እንዲህ እያልኩ ተቀምጬ ሰባት ሰዓት አለፈ። ስልኩ እጄ ውስጥ በራ።

«እማማ!»

ከዚያ ድምፁ ጠፋ። መስመሩ አልተቋረጠም፤ የሚሰማኝ ትንፋሽ ብቻ ነው። ያ የድሮው ነገር፣ የግድግዳው ነገር፣ ዐይኔ ላይ መጣ።

«ተናገር እንጂ! ልጄስ?»

«ደህና ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው። ይስሙ፣ ይስሙ…»

ከዚያ አንድ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሕይወት የሞላው ልቅሶ ክፍሉን ሞላው። ቀጥሎ የልጄ ድምፅ፣ ደክሞት፣ ከሩቅ፦

«እማዬ… ሴት ናት። ቃልሽን እንዳትረሺ።»

እልልታው ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ። ሁለት ዓመት እዚያ ተቀብሮ የኖረ እልልታ ነው፤ ማንም የሚያቆመው አይመስለኝም። ግን ቀና ብዬ አየሁ። ምንጣፉ። ኮምፒውተሩ። የተኛው ሰው። «ሰው ያርፋል» ያለችኝ ልጅ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ። ዘምቢሌን እዚያው ወንበሩ ላይ ትቼ፣ አፌን ይዤ፣ ሊያስመልሳት እንደደረሰ ሴት በሩጫ ወጣሁ። አዲሷ ተረኛ «ማዘር፣ ሽንት ቤቱ በዚህ ነው!» እያለች ነበር።

ደረጃውን ወርጄ ትልቁ አዳራሽ ገባሁ። እዚያ አገሬ ነው። ሻንጣ ይንጓጓል፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ሰው ይስቃል፣ አንዱ ሌላውን ከዳር እስከ ዳር ይጠራል። ነጠላዬን ከአፌ አወጣሁና ለቀቅኩት።

«እልልልልልልልል!»

አንድ። ሰው ዞረ። ሁለት። ከወዲያ ወንበር አንዲት ነጭ ለባሽ አሮጊት «ምን ተገኘ?» አሉኝ። «ልጄ ወለደች!» «እልል! እንኳን ማርያም ማረቻት!» ሦስት። እዚህ ላይ አሮጊቷ «ሴት ናት በይኛ» ብለው ሊቀመጡ ሲሉ አራተኛውን ለቀቅኩት። «ውይ፣ ወንድ ነው!» አሉ። «ሴት ናት!» አልኳቸው፤ ግራ ገብቷቸው አዩኝ። ለአምስተኛው ትንፋሼን ስስብ ከጣሪያው ላይ ድምፅ መጣ።

«… ወደ ድሬዳዋ የምትሄዱ መንገደኞች፣ ይህ የመጨረሻ ጥሪ ነው…»

አምስተኛው እልልታ አፌ ውስጥ ቀረ።

ጥሪው እንዲህ ነበር ለካ! ጥሪ ነበረ። እየተጣራ ነበር። እኔ ያለሁበት ክፍል ውስጥ ብቻ ነው የማይሰማው። እዚያ ቆሎዬን እያለሰለስኩ ብቀመጥ ኖሮ ስንት ሰዓት እቀመጥ ነበር? እግሬ ከእኔ ቀድሞ አወቀ፤ ደረጃውን ስወጣ አላስታውስም። ዘምቢሌ! ገብሱ!

ገብቼ ዘምቢሉን ሳነሳ ፊት ለፊቴ ኮት የሸፈነው ፊት አየሁ። ይህ ሰው ድሬዳዋ ነው። ተኝቷል። ልሂድ? ያሰብኩት አንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ከዚያ ጎንበስ ብዬ፣ አሁንም በሹክሹክታ፦

«ጌታዬ… ጌታዬ…» አልኩ።

አይሰማም። ጆሮው ተደፍኗል። የማላውቀውን ወንድ መንካት ደግሞ ከበደኝ።

«ጌታዬ፣ መኪናው… አውሮፕላኑ…»

ምንም። ያን ጊዜ ራሴን ሰማሁት። አውሮፕላን ሊያመልጠው የደረሰ ሰው፣ በሹክሹክታ ይቀሰቀሳል? ቀና አልኩ። ዘምቢሉን በአንድ እጄ ያዝኩ። ሌላውን እጄን አፌ ጎን ሳደርግ የአምቦ መናኸሪያ ረዳት ሁሉ በጉሮሮዬ ወጣ።

«ድሬዳዋ! ድሬዳዋ! ድሬዳዋ! የመጨረሻ! የሞላ! ሊወጣ ነው! ድሬዳዋ!»

ሃያው ራስ ቀና አለ፤ አሁን ግን አልወረደም። ባለ ሱፉ ሰውዬ ኮቱን ጥሎ ተነሳ፤ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ወደቀ። ከጥግ የሳቀችው ሴት «ወይኔ!» ብላ ኮምፒውተሯን ሳትዘጋ ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። እሷም የድሬዳዋ ነበረች! ሰሌዳውን የሚያነብ ሰው ሁሉ ሰሌዳውን አያይም ማለት ነው።

ሦስታችንም ሮጥን። ሰውዬው ሲሮጥ ዘምቢሌን ከእጄ ቀማኝ፤ «አምጡት፣ እናቴ!» አለ። በሩ ላይ ያለው ልጅ ገመዱን ሊዘጋ ይዞታል። ሰውዬው ከሩቅ «ቆይ! ሦስት ሰው የቀረው!» ብሎ ጮኸ። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ያለኝ ጩኸት የለም።

ወደ አውሮፕላኑ በሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ ቆመን ትንፋሻችን አልተመለሰም። ሰውዬው ዘምቢሉን እግሩ መሃል አስቀምጦ አየኝ።

«ያ ሁሉ ድምፅ ከየት መጣ?» አለኝ።

«ከመናኸሪያ ነው። አምቦ።»

ሳቀ። ሲስቅ ለካ ልጅ ነው። ከዚያ፣ እንደገና ከመጀመሪያው የሚጀምር ይመስል፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ «እንደምን ዋሉ፣ እናቴ» አለ። ቅድም በሩ ላይ ያልመለሰልኝን ሰላምታ ነው። ሰምቶት ነበር ለካ።

«ይመስገን። እርስዎስ?»

«ደህና ነኝ። ልጅዎ ስንት ደረሰች? አራት ሳንቲም ነበር ያሉት መጨረሻ የሰማሁት።»

«ወለደች!»

«ወለደች? መቼ?»

«እርስዎ ተኝተው!» አልኩት፤ ባለ ኮምፒውተሯ ሴት እስክታነባ ሳቀች። እሷ ከስድስት በኋላ ያለውንም ሰምታ ኖሯል፤ «እኔማ ልቅሶዋንም ሰምቻለሁ። ሥራዬን ትቼ ነበር የምቆጥረው» አለች።

ከመሬት ስንነሳ እንኳ አልፈራሁም። ከዚያ በፊት በአውሮፕላን መሄድን ሳስብ ላብ ይመጣብኝ ነበር። ያን ቀን ጊዜ አልነበረኝም፤ በልቤ እየቆጠርኩ ነበር። አራት ብያለሁ፤ ሦስት ይቀራል። የቀረው ሦስት ደግሞ ለሴት የሚባለው ሦስት ነው። አሁን ካቆምኩ የደንቡን አደረግኩ ማለት አይደለም፤ በደንቡና በቃሌ መሃል ነው የቀረሁት።

አማቼ ውጪ ቆሞ ጠበቀኝ። ጸጉሩ ቆሟል፤ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሷል። አቀፈኝና ቅቤውን ተሸከመ። ሆስፒታሉ ድረስ «ፍጠን» ነው የምለው፤ ሲፈጥን ደግሞ «ቀስ በል፣ የልጅ አባት ነህ» እላለሁ።

የክፍሉ በር ላይ ጣት ከንፈሩ ላይ ያደረገ ሰው ሥዕል ተለጥፏል። ይህን ለማንበብ ፊደል አያስፈልግም። ቆምኩ። ልጄ አልጋው ላይ ናት። ፊቷ ወደ ግድግዳው አይደለም፤ ወደ በሩ ነው። ጎኗ ላይ አንድ ትንሽ የተጠቀለለ ነገር አለ።

«እማዬ፣» አለች፣ «ደረስሽ።»

ገብቼ ግንባሯን ሳምኩ። ቀጥዬ ያችን ትንሽ ግንባር ሳልነካት አሸተትኳት።

«ስንት አልሽ?» አለችኝ ልጄ።

«አራት። አውሮፕላኑ አቋረጠኝ።»

«አራት? ታዲያ ሦስት ይቀርሻል!»

«ልጄ፣ እዚህ ክልክል ነው። ሥዕሉን አየሁት። እናቶች ያርፋሉ።»

ከመጋረጃው ወዲያ ካለው አልጋ የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ፤ እሷም የወለደች ናት፤ አላየኋትም። «እማማ፣ ለእኔ ብለው ከሆነ የሚተዉት፣ አይተዉት» አለች። «ከጠዋት ጀምሮ ልጅዎ እናቴ ትመጣለች ስትለኝ ነው የዋለችው። ምን እንደሚሉ እኔም ልስማ።»

ነርሷ በሩ ላይ ነበረች። አየችኝ። እኔም አየኋት። ወደ ኮሪደሩ ግራና ቀኝ ተመለከተች፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

ልጄ እጇን ከአንሶላው አወጣች። አራት ጣቷ ቆሟል፤ አውራ ጣቷን አጥፋዋለች። አምስተኛውን ስል አውራ ጣቷን ዘረጋች። ስድስተኛውን ስል ሌላኛውን እጇን አመጣች። ሰባተኛው ረዘመ። የትንፋሼን ያህል ሳይሆን የሁለት ዓመቱን ያህል ነበር፤ እስኪያልቅ ድረስ ሰባት ጣቷን ይዛ ጠበቀችኝ።

ሕፃኗ አልነቃችም። አፏን አንዴ ከፈት አድርጋ ዘጋችው፤ ያ ሁሉ ጩኸት ከድሮም የምታውቀው ይመስል፣ እንቅልፏን ቀጠለች።